ጋኒባል የሚለው የቤተሰብ ስም ከየት መጣ? የእኛ ሰው ነው ወይስ አይደለም?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ታሪክ የምታውቁ እስቲ ብቅ በሉ።

የሩሲያው ባለቅኔ ፑሽኪን በእናቱ በኩል ዘሩ ከእኛ ይመዘዛል ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ የምጠይቀው ስለ እናቱ ቤት ስም ነው። እናቱ ናዴዥዳ ኦሲፖቭና ጋኒባል ትባላለች። ይሄ ጋኒባል የሚሉት ነገር ሩሲያዊ አይመስልም፣ ሐበሻም አይመስልም። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ፔትሮቪች በልጅነቱ ተወስዶ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ ነው። እሺ፣ የእኛ አገር ልጅ ነበር እንበል። ታዲያ ሮምን ያንቀጠቀጠው፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ የነበረችው የጥንቷ ካርታጎ ጦረኛ የሐኒባል ስም ምን ሊሠራለት? ራሱ አወጣው ወይስ ሌሎች ለጠፉበት? ትርጉሙስ ምንድን ነው? ዛሬስ በዚህ ስም የሚጠራ ቤተሰብ አለ?

ዓመተ ምሕረቱን ሁላችንም በፈረንጅ እንጻፍ። አለበለዚያ እንደ ባለፈው ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

(ከሳምንት በኋላ የጨመርኩት፦ መልሶቹ በዝተው ረዝመውም ስለነበር ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በተራ ቁጥራቸው በራሴ አፍ አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም።)

1ኛ መልስ። ትሑት ሰው ነው፤ ሰላምታው ራሱ ሁለት መስመር ፈጀ። የጀመረው ከፊደሉ ነው። ሩሲያኛ የእኛን ሀ የሚመስል ድምፅ ስለሌለው የውጭ ስም ሲገባ በብዛት በገ ይተካል፤ ሂትለርን ጊትለር፣ ሆላንድን ጎላንዲያ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጋኒባል ሌላ ምስጢር የለውም፣ ሐኒባል ነው።

2ኛ መልስ። የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ይመስላል። ስሙን ለሁለት ከፈለው። ሐኒ የሚለው ሐና፣ ዮሐንስና ሐናንያ ውስጥ ያለው ሥር ነው፤ ምሕረት፣ ሞገስ እንደማለት። ባል ደግሞ ያው ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ነቢያቱን ያሳፈረበት በኣል ነው። ቃሉ በሴም ቋንቋዎች ሁሉ ጌታ፣ ባለቤት ማለት ስለሆነ በእኛም በግእዙ በዓለ ቤት፣ በአማርኛው ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል። የሚስት ባልም ከዚያው ነው። ሲጠቃለል በኣል ሞገስ ሰጠ ማለት ይሆናል። ታዲያ የሩሲያ ንጉሥ ክርስትና ያነሳው ሰው የጣዖት ስም ተሸክሞ ኖረ ማለት ነው ብሎ በመገረም ጨረሰ። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰው የሳቅ ምልክት ለጥፎለታል።

3ኛ መልስ። አጭርና ቁጡ። ሰውዬው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ተጠይቆ አያውቅም፣ አሁን ማን ልኮህ ነው የምትጠይቀው የሚል መንፈስ ነበረው። ማንም አልላከኝም። መልስም አልሰጠሁትም።

4ኛ መልስ። የክሩ ምሰሶ የሆኑት ሰውዬ እዚህ ላይ ገቡ። በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተልከው የተማሩ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ክፍል ውስጥ ስለ ፑሽኪን ትምህርት ሲጀመር መምህርቷ ስሙን ከጠራች በኋላ ጠመኔዋን አስቀምጣ ወደ እሳቸው ዞር ብላ ፈገግ እንዳለች፣ ተማሪው ሁሉ አንገቱን አዙሮ እንዳያቸው ጻፉ። እሳቸው ያን ጊዜ ከፑሽኪን ስሙን እንጂ አንድ ስንኝ አያውቁም ነበር። አፍረው ቤተ መጻሕፍት ገቡ፣ በዚያው ተለከፉ።

ከዚያ ታሪኩን አፍረጠረጡት። ልጁ በ1696 አካባቢ ተወለደ። ኢስታንቡል ሱልጣኑ ዘንድ ነበር። ከዚያ ሳቫ ቭላዲስላቪች የተባለ ነጋዴ ለጴጥሮስ ወስዶ ሰጠው፣ ጊዜው 1704 ገደማ ነው። በ1705 ቪልኒየስ ላይ ተጠመቀ፣ የክርስትና አባቱ ንጉሡ ራሱ። ጴጥሮስ የሚል ስም ሲሰጠው አልቅሶ እምቢ ማለቱን ፑሽኪን ጽፎታል። ኢስታንቡል ኢብራሂም ይሉት ስለነበር አብራም ሆኖ ቀረ። ከንጉሡ የወሰደው የአባት ስም ብቻ ነው፣ ፔትሮቪች። ከ1717 እስከ 1723 ፈረንሳይ ምሕንድስናና መድፍ ተማረ። ንጉሡ በ1725 ሲሞት ጠላቶቹ ወደ ሳይቤሪያ፣ እስከ ቻይና ጠረፍ ድረስ ገፉት። ጋሼ ያሰመሩበት ነጥብ ይሄ ነው፦ በዚህ ሁሉ ዘመን በወረቀት ላይ አብራም ፔትሮቭ ነበር። ጋኒባል የሚለው ብቅ የሚለው በ1730ዎቹ ነው። ማለትም ሰውዬው አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል።

እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ነው ጥያቄዬ የተቀየረው። ሲወለድ የመጣ ስም አይደለማ። በጉልምስናው የገባበት ነው።

5ኛ መልስ። ይሄንኑ ይዞ ጠየቀ። ያን ያህል ዘመን ፔትሮቭ ሆኖ ከኖረ በኋላ ምን ቆረጠመው? ጠባቂው ንጉሥ ሞቷል። ፔትሮቭ የሚባል ደግሞ ሩሲያ ውስጥ በየመንደሩ ነው። ባለ አገር መኳንንት መካከል ዘር የሌለው ሰው አንድ የሚያስፈራ ስም ቢፈልግ አይገርምም የሚል ግምት ሰጠ።

6ኛ መልስ። እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል የምትኖር እህት ነች። ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ጥቁር አገልጋዮቻቸውን ቄሣር፣ ፖምፔ፣ ስኪፒዮ እያሉ መጥራት ያዘወትሩ ነበር፤ ለጨዋታ፣ ለማላገጥ። እሷ ከምትኖርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሄንበሪ የሚባል ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በ1720 የሞተ ስኪፒዮ አፍሪካነስ የተባለ ጥቁር ወጣት መቃብር አለ። በራስጌውም በግርጌውም የቆመው ድንጋይ ላይ የኪሩቤል ፊት ተቀርጾበት ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ስኪፒዮ እንግዲህ ሐኒባልን ያሸነፈው ሮማዊ መሆኑ ነው። አንዱን ባሪያ በአሸናፊው ሰየሙት፣ አንዱን በተሸናፊው፤ ክብር አድርጋችሁ አታንብቡት አለች።

7ኛ መልስ። ጋሼ ተመልሰው በአክብሮት ተቃወሟት። እህቴ ብለው ጀምረው፣ ስለ ልማዱ እውነትሽን ነው፣ ስለ ሰውዬው ግን አይደለም አሉ። በ1730ዎቹ እሱ የማንም አገልጋይ አልነበረም፤ መኮንን፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከፈረንሳይ ሲመለስ አራት መቶ ያህል መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው ሐኒባል ማን እንደነበር ሳያውቅ ስሙን አይለብሰውም። ሰዎች አፍሪካዊ ብለው ካላገጡ፣ እሱ ደግሞ አፍሪካዊ ከሆነስ የትኛው እንደሆነ አሳየ ማለት ነው።

ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ማላገጫ ሆኖ የመጣን ስም ነጥቆ ማዕረግ ማድረግ በእኛም አገር ስንት ሰው ሠርቶታል።

8ኛ መልስ። ክሩ የፈነዳው እዚህ ነው። ጸሐፊው ስሜት የለውም፣ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው የሚጽፈው። በ1742 አብራም ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው አቤቱታ ከአፍሪካ መኳንንት ወገን መሆኑን፣ የተወለደውም በአባቱ ግዛት፣ ላጎን በምትባል ከተማ መሆኑን፣ አባቱም ሌሎች ሁለት ከተሞች እንደነበሩት ገልጿል። አቢሲንያ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ለጋሻው ምልክት የጠየቀው ዝሆን ነው፣ ከሥሩ ፉሞ የሚል ቃል አለው። አንዳንዱ ይህን ቃል ዕድል ሕይወቴን ጨርሶ ለወጠችው የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር ምሕጻር ያደርገዋል። ሌላው በቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚነገረው የኮቶኮ ቋንቋ ነው፣ አገር ማለት ነው ይላል።

ታዲያ አቢሲንያ ከየት መጣ? ሰውዬው በ1781 ከሞተ በኋላ አማቹ ሮትኪርሕ በጀርመንኛ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ። አባትየው የአቢሲንያ መስፍን ነበር፣ ዘሩንም ከካርታጎው ሐኒባል ይቆጥር ነበር የሚለው እዚያ ነው። ከዚያ በ1899፣ ፑሽኪን በተወለደ በመቶ ዓመቱ፣ አኑቺን የሚባል ሩሲያዊ ምሁር ላጎን ማለት ከመረብ ወዲያ ያለችው ሎጎ ናት አለ። ደራሲው ናቦኮቭ በ1964 ይህን ተጠራጠረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኛማንኩ የተባለ የቤኒን ታሪክ ተመራማሪ፣ ላጎን ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬው ካሜሩን ያለችው ሎጎኔ ቢርኒ ናት ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪ ወደዚያ ነው የሚያዘነብለው።

9ኛ፣ 10ኛ እና 11ኛው መልስ አንድ ሰው በተከታታይ የጻፋቸው ናቸው፤ 3ኛውን የጻፈው። ታሪካችን እየተዘረፈ ነው፣ ነገ ደግሞ ቡናንም ይወስዱታል፣ 8ኛው ማን እንደከፈለው ይታወቅ ነው ነገሩ። ሦስተኛው ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር፣ ሃያ የሚሆን።

12ኛ መልስ። ሥሩ ከአሥመራ የሆነ ወንድም ነገረኛ ፈገግታ ይዞ መጣ። ሎጎ ከሆነች እኮ ያለችው ኤርትራ ነው፤ አሥመራ ላይ የፑሽኪን ሐውልት ከ2009 ጀምሮ ቆሟል፤ እናንተ አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ከካሜሩን ጋር የምትጣሉት በማን ርስት ነው አለ። ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው። 3ኛው ግን አልሳቀም። እዚህ ላይ የተጻፉ አራት መልሶችን አወያዩ አጥፍቷቸዋል።

17ኛ መልስ። አንዲት ልጅ ክሩን ወደ መስመሩ መለሰችው። ያ የጀርመንኛ ታሪክ አንድ ነገር ይዟል አለች። ልጁን መርከብ ላይ ሲጭኑት ላጋን የምትባል ታላቅ እህቱ እሱን ለማስለቀቅ ለምና ለምና፣ ጌጧን ሁሉ ብትሰጥም አልሰሟትም፤ መርከቡ ሲነሳ ከኋላው እየዋኘች ተከተለችው፣ ሰጠመች። አብራም ሲያረጅ እንኳ ይህን ሲያነሳ ያለቅስ ነበር ይባላል። የእሷ ክርክር ይህ ባሕር ካለበት አገር ነው የሚል ነው፤ ምጽዋ ያን ጊዜ በቱርኮች እጅ ነበረች፣ መንገዱም ቀጥታ ወደ ኢስታንቡል ነው።

18ኛ መልስ። 8ኛው ሰውዬ በአንድ መስመር ቆረጠው። ሎጎኔ የከተማ ስም ብቻ ሳይሆን የወንዝ ስም ነው፤ ትልቅ ወንዝ፤ ጀልባም ይሄድበታል። ልጅቷም በጨዋነት ነጥቡን ተቀበለችው፣ ግን ለወንዝ ጀልባ መርከብ ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት አማች ነው ብላ ወጋ አደረገችው።

19ኛ መልስ። ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፣ ምንም እንኳ ቃሉ ቢሻክርም። ጸሐፊው እንዲህ ጠየቀ፦ አኑቺን በ1899 አቢሲንያን ሙጭጭ ያደረገው ለምንድን ነው? የሰውን ዘር በአፍንጫና በጸጉር የሚደለድል የዘመኑ ሳይንቲስት ስለነበር ነው። የሩሲያ ትልቁ ባለቅኔ ቅድመ አያት ከመካከለኛው አፍሪካ ነው ከሚል፣ ሐበሻ ነው ማለት ቀለለው፤ ሐበሻ በእነሱ ሚዛን ግማሽ መንገድ ወደ ነጭ የቀረበ ነበርና። ከአድዋም ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሩሲያ በ1896 የቀይ መስቀል ሐኪሞቿን ወደ አዲስ አበባ የላከችበት፣ ስለ እኛ ጥሩ ጥሩው የሚወራበት ሰሞን። እኛ ደግሞ ይህንን አንስተን ደረታችንን የምንነፋው ካሜሩናዊ ከሚባል ሐበሻ ቢባል ስለሚጥመን ከሆነ፣ ከአኑቺን በምን ተለየን? ይኸው ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ግማሽ ቀን ዝም ብሎ ዋለ። 3ኛው እንኳ ትንፍሽ አላለም።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሎጎም ትሁን ሎጎኔ፣ የስሙን ነገር አይለውጠውም። ሁለቱም ቦታ ሐኒባል የሚባል ሰው አልነበረም። ስሙ የተገኘው ከመጽሐፍ ነው፣ ምናልባትም ፈረንሳይ ከተማረው የሮም ታሪክ። የትውልድ ቦታውን ስሙ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

20ኛ መልስ። ሐሳቡ ከርእሱ ወጣ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። እስራኤል የሚኖር ወንድም ነው። ቤተሰቡ ሲገቡ የተመዘገቡበት ቀን ለየብቻ ስለነበር አንዱ ወንድም በአያቱ፣ ሌላው በአባቱ ስም ተጽፎ ቀረ። በወረቀት የማይዛመዱ፣ የአንድ እናት ልጆች። የመጀመሪያ ስማቸውንም አንዲት ጸሐፊ በዕብራይስጥ ቀየረችላቸው። አብራም ቪልኒየስ ላይ ማልቀሱን ሳነብ ገባኝ አለ።

21ኛ መልስ። ከሜሪላንድ ነው፣ ሴትዮዋ ብሶተኛ ነች። ሦስት ልጆች ወልዳ የማናቸውም የቤተሰብ ስም ከእሷ ጋር አይገጥምም፤ እሷ በአባቷ ስም፣ ልጆቿ በአባታቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እናታቸው ነሽ ወይ ተብላ መጠየቅ ሰልችቷታል። የባሏ ወንድም ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ስሙ ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ስለገባ የመጀመሪያ ስሙ ያልታወቀ ሆኖ ተጻፈለት፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ጭምር። ባንክ በሄደ ቁጥር ያልታወቀ እያሉ ነው የሚጠሩት።

ከ22ኛ እስከ 26ኛው ሁሉም የየራሱን የፓስፖርት ጣጣ ዘረገፈ። አያት ይሁን አባት፣ ሚስት ትቀይር አትቀይር። አንዱ እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና አንፈልግም አለ፣ ሌላው ለልጆችህ ንገራቸው አለው። ዝርዝሩን ልተወው፣ ሌላ ክር ይበቃዋል።

27ኛ መልስ። ጋሼ የቀረውን ጥያቄዬን መለሱልኝ፣ ዛሬ ስሙ አለ ወይ የሚለውን። አብራም ከሁለተኛ ሚስቱ፣ የስዊድን ዘር ካላት ክርስቲና፣ ብዙ ልጆች ወለደ። የበኩሩ ኢቫን በ1770 ናቫሪን ላይ ቱርኮችን ያሸነፈ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፣ ኬርሶን ከተማንም ያሠራ እሱ ነው፤ ግን ሳያገባ ሞተ። የፑሽኪን አያት ግን ሌላ ታሪክ አለው። አባቱ ያኑአሪ ብሎ ስም ያወጣለታል። እናቱ በተሰባበረ ሩሲያኛዋ ይህ ጥቁር ሰይጣን ጥቁር ልጆች እያስወለደኝ የሰይጣን ስም ያወጣልኛል ብላ አሻፈረኝ አለች። ኦሲፕ አለችው፣ ኦሲፕ ሆኖ ቀረ። ይህን ያወራው ልጅ ልጁ ፑሽኪን ነው፣ እየሳቀ ይመስለኛል።

ይህ ኦሲፕ በሕግ ከገባለት ትዳር የቀረችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ናዴዥዳ። እሷ ፑሽኪን የሚባል ስታገባ የጋኒባል ስም በዚያ ቤት አበቃ። ደሙ ግን ሄደ፤ የፑሽኪን ልጅ ናታሊያ የናሳውን ልዑል አገባች፣ የእሷ ልጅ የሩሲያ መስፍን አገባች፣ የዚያች ልጅ ደግሞ በ1916 እንግሊዝ አገር፣ በኋላ ማውንትባተን የተባለው ቤት ገባች። የእንግሊዝ መኳንንት ውስጥ ዛሬ የአብራም ልጅ ልጆች አሉ፣ ስሙን የሚይዝ ግን የለም። ስሙ የዘለቀው በኦሲፕ ወንድሞች፣ በተለይ ብዙ ልጅ በነበረው በይስሐቅ በኩል ነው።

28ኛ መልስ። ዶሃ የሚሠራ ልጅ። ክፍሉ ውስጥ ቱኒዚያዊ አለ፣ የመጀመሪያ ስሙ ሐኒባል። እዚያ አገር የተለመደ ስም ነው። ስለ ሩሲያው ጋኒባል ቢነግረው፣ ታዲያ እሱም የእኛ ነዋ ብሎ አረፈው። አሁን አራተኛ አገር ገባበት ማለት ነው።

29ኛ መልስ። አዲስ ገቢ ነው፣ ከላይ ያለውን አላነበበም። ለምን በዲኤንኤ አይመረመርም፣ የፑሽኪንን ልጆች ደም ወስዶ መጨረስ ነው አለ።

30ኛ መልስ። 8ኛው ሰውዬ በትዕግሥት አስረዳው። የወንድ ዘር ምልክት የሚተላለፈው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ፑሽኪን ከአብራም የሚገናኘው በእናቱ ስለሆነ በእሱ ልጆች ላይ ያ ምልክት የለም። የሚመረመረው እስከ ዛሬ በወንድ መስመር ሳይቋረጥ የመጣ ጋኒባል ነው፤ ያም ቢገኝ፣ ምልክቱ አካባቢውን እንጂ ላጎን የቷ እንደሆነች አይነግርም።

31ኛ መልስ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወንድ ከሆነ ሐኒባል ልለው ነው ያለ ሰው መጣ። 2ኛው ቆጣ ብሎ በኣልን አስታወሰው። ሌላው ይስሐቅ በለው አለ። ሌላዋ ሚስትህን ጠይቀሃል ወይ አለችው።

አልጠየቃትም ነበር።

34ኛው ላይ 3ኛው ተመልሶ 12ኛውን በብሔሩ ሰደበው። አወያዩ ክሩን ዘጋው።